የኢሉባቦር ታላቅ ልጅ ማን ነው? ከሁሩሙ የተሰረቀው ሂካ



በቅርቡ በአንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ክርክር ተነሣ። አብዛኞቻችን የአሮጌው ክፍለ ሀገር የኢሉባቦር ልጆች ነን፤ አንዱ ከመቱ፣ ሌላው ከጎሬ፣ ሌላዋ ከበደሌ፣ እኔም ከዚያው ከጫካውና ከዝናቡ አገር ነኝ። ነገሩን የጀመረው አንድ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ከኢሉባቦር ከተወለዱት ሰዎች ሁሉ በታሪክ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሠራው ማን እንደ ሆነ ጠየቀን።

የመጀመሪያው መልስ ራስ ተሰማ ናደው የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ራስ ተሰማ ጎሬ ላይ ተቀምጠው አገሩን አስተዳድረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ እስከ መሆን ደርሰዋል። ነገር ግን የኢሉባቦር ተወላጅ አይደሉም። ቀጥሎ ራስ እምሩ ተጠሩ፤ በ1936 አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች በኋላ የመንግሥቱ ቅሪት ያረፈው ጎሬ ላይ ነበርና። እርሳቸውም ለአገሩ እንግዳ ናቸው። እንዲህ ስሞች ሲወጡና ሲወርዱ አንድ ነገር አስተዋልን። ኢሉባቦርን በታሪክ መጽሐፍ ያስጠሩት አብዛኞቹ ሰዎች ወደ እርስዋ የመጡ እንጂ ከእርስዋ የወጡ አይደሉም። አንዲት እናታችን ስኒውን እያቀረቡ፣ ሰው ካጣችሁ እንግዲህ ቡናውን ምረጡ ብለው አሳቁን። ቀልድ ብቻ አይደለም፤ የያዮ የጫካ ቡና የሚበቅልበት ደን በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ቡና ሰው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

እኔ ግን ለአንድ ሰው ቆምኩ። ወላጆቹ ሂካ ብለው ለጠሩት፣ እኛ ግን ኦነሲሞስ ነሲብ ብለን ለምናውቀው ሰው። ወዲያው ከወለጋ የመጣ አንድ ወንድማችን ተነሣና እርሱማ የእኛ ነው፣ ነቀምቴ ላይ ነው ያስተማረው፣ ነቀምቴ ላይ ነው ያረፈው ብሎ ተሟገተኝ። ነገሩ ሳይቋጭ ሕፃናቱ ማልቀስ ጀመሩና ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ተበታተነ። ያን ዕለት ያልጨረስኩትን ሙግት እነሆ በጽሑፍ ላቅርብ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ሂካ በ1856 ገደማ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። ሁሩሙ ዛሬ ከበደሌ ወደ መቱ ሲሄዱ ያዮን አልፈው የሚያገኟት ከተማ ናት። ሂካ የሚለው ስም በኦሮምኛ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። እንደ አማርኛችን ሁሉ በኦሮምኛም የታሰረ ገመድን መፍታትና የቃልን ፍቺ መስጠት በአንድ ግስ ይነገራሉ። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት ልጃቸው ታስሮ እንደሚነዳ፣ ተፈትቶም መጽሐፍ እንደሚፈታ አላወቁም። እኔ ስብከት ስለምወድ ነገር አገጣጠምኩ እንዳትሉኝ፤ ስሙ ትርጉሙ ይኸው ነው።

አባቱ የሞተው ልጁ ገና አራት ዓመት ሳለ ነው። አባት የሌለው ልጅ በዚያ ዘመን ጠባቂው ጥቂት ነበር። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች መጡና ከእናቱ ነጠቁት።

የባሪያ ንግድ ታሪካችንን ብዙ ጊዜ በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ደስ የማይል ነገር ነውና። ነገር ግን ሳናየው ይህን ሰው ማወቅ አንችልም። በዚያ ዘመን ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው መንገድ የታወቀ ነበር። የሊሙዋ ሰቃ ገበያ ነበረች፤ ዓባይን ሲሻገሩ የጎጃሟ ባሶ፤ ከዚያ ጎንደር፤ ከጎንደር ወይ በመተማ ወደ ሱዳን አልያም በምጽዋ ወደ ቀይ ባሕር። ልጅ ከአገሩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል፤ መንገዱን ስለማያውቅ ሊያመልጥ አይችልምና። ክርስቲያኑም እስላሙም ነጋዴ፣ ሹሙም ባለ አገሩም በዚህ ንግድ እጁ ነበረበት። ሂካ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ስምንት ጌታ ማለት እኮ ስምንት ጊዜ ጥርስና ጉልበት ታይቶ መገመት ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ነሲብ የሚል ሌላ ስም ወጣለት። የእናቱ ቋንቋ በየገበያው እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ሙቀትና ጨው ብቻ ባለበት በባሕሩ ዳር ማንም ሂካ ብሎ የሚጠራው አልነበረም።

ምጽዋ ላይ ነፃ ያወጣው ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። ይህ ሰው በምጽዋ የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ ያገለገለ፣ ኋላ ደግሞ ለግብፅ ያደረ ሰው ነበር፤ ከግብፅ ጦር ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሲገሰግስ በ1875 በአፋር ምድር ተገድሏል። የኢትዮጵያ ታሪክ በደግ አያነሣውም። ሆኖም ልጁን ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮናውያን የሰጠው እርሱ ነው፤ የሠራውን ያህል መመስከር ይገባል።

እንግዲህ እነዚህ ስዊድናውያን ምጽዋ ምን ያደርጉ ነበር? የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1856 ነው፤ ሂካ ተወለደ በሚባልበት በዚያው ጊዜ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞቹ በ1866 ምጽዋ ሲወርዱ ዓላማቸው ምጽዋ አልነበረም፤ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ ነበር። ይህን ራእይ በአውሮፓ ያቀጣጠለው ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ የቆየው ጀርመናዊው ዮሐን ክራፕፍ ነው። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ተዘጋባቸው። በኩናማ ምድር ለጥቂት ዓመታት ሞከሩ፤ አንዳንዶቹን ወባ ጨረሳቸው፣ አንዳንዶቹም ተገደሉ። የቀሩት ወደ ባሕሩ ዳር ተመልሰው ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ስላቃታቸው ልባቸው ተሰብሮ በተቀመጡበት፣ ከዚያ አገር የተሰረቁት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ደጃቸው ይመጡ ጀመር። የሰው ክፋት ያመጣቸውን ልጆች እግዚአብሔር ለመልካም አደረጋቸው ብንል ዮሴፍን የሚያውቅ አንባቢ ይረዳናል። እኔ ግን ይህን ስል ፈንጋዮቹን ለማመስገን አይደለም፤ ሁሩሙ ላይ ልጅዋን ያጣች እናት አለችና።

ልጁ አመነ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፤ ኦነሲሞስ ተባለ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ በፊልሞና መልእክት ውስጥ የምናገኘው ባሪያ ነው። ስሙን የመረጡለት ሰዎች የባርነት ታሪኩን አስበው እንደ ነበር ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ አናሲሞሶች አንድ አይደሉም። የፊልሞናው ከጌታው ቤት የሸሸ ነው፤ ጳውሎስ የሚመልሰው ወደ ጌታው ነው። የሁሩሙው ግን ከእናቱ ቤት የተሰረቀ ነው፤ የሚመልሰው ጳውሎስም አልነበረውም። ለመመለስ የተጓዘበትን መንገድ ስናይ ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል።

በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበር በ1876 ወደ ስዊድን ተላከ። በስቶክሆልም ዮሃነሉንድ በሚባለው የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛ አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰ። ስለ ስዊድኑ ቆይታ ብዙ አላወራም፤ ከዚያ ተመልሶ ያደረገው ይበልጥብኛልና። ሰው በባዕድ አገር አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ሥራ፣ ቤትና ሰላም ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ በየአገሩ የተበተንን እኛ ይህን አሳምረን እናውቀዋለን። ኦነሲሞስ ግን መጥተው ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ሊድያም ትባላለች። ከዚያም ወዲያው አገራቸውን ፍለጋ ተነሡ። ከዚህ በኋላ አንቱ ብዬ ልጥራቸው፤ አድገዋልና።

በምጽዋ በኩል ወደ መሐል አገር መግባት ስለ ተከለከለ በሱዳን ዞሩ። ዓባይን ተከትለው በቤኒሻንጉል ጠረፍ እስካለችው ፋማካ ድረስ ደረሱ። ከዚያ ወለጋ ሩቅ አልነበረም። ግን አላለፉም፤ ተመለሱ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲገቡ የማሕዲ አመፅ አገሩን እያነደደው ነበር፤ ኦነሲሞስም በወባ ወድቀው ነበር። እንደ ምንም ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1886 እንደ ገና ተነሡ፤ በዚህኛው ጉዞ እንጦጦ ድረስ ደርሰው ነበር። ከዚያ በላይ እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውምና አሁንም ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።

ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄዶ መመለስ! ብዙዎቻችን አንድ በር ሲዘጋብን የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ብለን በሰላም እንተኛለን። ኦነሲሞስ እግራቸው ሲታገድ ብዕር ያዙ።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ነገር ላስገባ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት አገር ቤት ሄድኩ። አያቴ ጌታን እንድታውቅ ስለምጓጓ በተማርኩት ሁሉ ተኩራርቼ አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ሰበክሁላት። እርስዋም ራስዋን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ በመጨረሻም መረቀችኝ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ጠርታ፣ አያትህ ያ ሁሉ ንግግር ስለ ምን እንደ ነበር ጠየቀችኝ አለችኝ። አፈርኩ። በኦሮምኛ ልንገራት ብዬ ስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመኝ፤ ስለ ገበያውና ስለ ከብቱ የማወራበት ቋንቋ ስለ ጸጋና ስለ ጽድቅ ስናገር ጠፋኝ። ኮሌጅ የተማርኩት ቃል ሁሉ በአማርኛ ነበር። በአፌ የቀረው የልጅ ኦሮምኛ ነበር።

ኦነሲሞስ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ የእርሳቸው ግን እጅግ ይከብዳል። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነው። ስምንት ጌታ፣ ዐረብኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ስዊድንኛ በላዩ ላይ ተደራርቦበታል። የመዝሙር መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ የሉተርንም ካቴኪዝም ተረጎሙ። አዲስ ኪዳንን ሲጀምሩ ግን የእናታቸው ቋንቋ ጥልቀቱ እንዳልተረፋቸው ገባቸው። ይህን አምኖ መቀበል ለተማረ ሰው ቀላል አይደለም። ስሙ ተርጓሚ የተባለ ሰው ለትርጉሙ ቃል አጠረው።

ያጠራቸውን ያሟላች አንዲት ልጃገረድ ናት። አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ነፃ ሆና የተወለደች ኦሮሞ ነበረች፤ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ግን ባሪያ አደረጋት። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለመሸጥ በመርከብ ስትጫን ጣሊያኖች መርከቡን ያዙትና ነፃ ወጣች፤ እምኩሉ ወደሚገኘው ትምህርት ቤትም ተወሰደች። ኦነሲሞስ ከሁለተኛው ጉዞ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት በዚያው ሰሞን ነው። እርሳቸው ወደ ኦሮሞ አገር ሄደው ያላገኙትን ቋንቋ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአፍዋ ይዛ መጣችላቸው።

አስቴር የቋንቋ ስጦታ ነበራት። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተሰጣትና አዘጋጀች፤ የአዲስ ኪዳኑ ትርጉም የተቃናው በዚያ ነው። ደግሞም በቃል የምታውቃቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች፤ አምስት መቶ ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ሁለቱ አብረው ባወጡት የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍም ተርጉማለች። ተረትና እንቆቅልሽ ለወንጌል ምን ያደርጋል የሚል ወንድም አይጠፋም። ማንበብ የማያውቅ ሕዝብ መጀመሪያ የሚያነበው የሚያውቀውን ነገር ሲሆን ፊደሉ ቶሎ ይገባዋል። ተረቱን ያነበበ ልጅ ነገ ማርቆስን ያነባል።

አዲስ ኪዳኑ በ1893 እምኩሉ ላይ ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ስፍራ ታትሞ ወጣ። የተጻፈው እኛ በምናነበው በግዕዝ ፊደል ነው። የእግዚአብሔር ስም ሕዝቡ ራሱ በሚጠራበት ዋቃዮ በሚለው ቃል ተቀምጧል። በእርግጥ በኦሮምኛ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለመተርጎም የመጀመሪያዎቹ እነርሱ አይደሉም። ክራፕፍና ሸዋዊው ደብተራ ዘነብ፣ ሩፎ የተባለ ነፃ የወጣ ኦሮሞም ከእነርሱ በፊት የደከሙበት ሥራ አለ። ሙሉው መጽሐፍ ግን የዚህ የነፃ ወጪዎች ቤት ፍሬ ነው። በርዕሱ ገጽ ላይ የሰፈረው ስም የኦነሲሞስ ብቻ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ትክክል አልነበረም፤ የአስቴርም ስም አብሮ ሊሰፍር ይገባ ነበር። አብያተ ክርስቲያናችን የእኅቶችን ሥራ በወንድሞች ስም የመጻፍ ልማድ እስከ ዛሬም አልለቀቃቸውም።

ቀኑን ደግሞ አስተውሉ። ይህ ሁሉ ሲተረጎም አገራችን በምን ውስጥ ነበረች? ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን ነበር፤ ከብቱ አልቆ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ጣሊያን ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ፤ ዐድዋ ሆነ። ተርጓሚዎቹ የተቀመጡት ጣሊያን በያዘው ባሕር ዳር ነው። ኢሉባቦርም በዚያው ዘመን በምኒልክ ጦር ሥር ገባች። ኦነሲሞስ ሊመለሱባት የሚጥሩባት አገር እርሳቸው ሳያዩዋት ሌላ አገር ሆና ነበር።

መንገዱ በመጨረሻ ተከፈተ። ቀድመዋቸው የሄዱም ነበሩ፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የተባለው የሐማሴን ሰው በ1898 ወለጋ ቦጂ ገብቶ ሲያገለግል በ1905 በእሳት ቃጠሎ አረፈ። ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ባልደረቦቻቸው በ1904 ነቀምቴ ደረሱ። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ የሚባሉት፣ በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትምህርቱም ስብከቱም በኦሮምኛ ነበር። ሕዝቡ ጎረፈ። እስቲ አስቡት፤ ልጅ ሳለ በሰንሰለት የወጣ ሰው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ገባ።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። በአካባቢው የነበሩት ካህናት ኦሮምኛ ስለማይሰሙ ሰውዬው ምን እንደሚያስተምሩ አያውቁም ነበር፤ የሕዝቡ ፍቅርም አስጊ ሆነባቸው። በሃይማኖት ነገር ተከሰሱና በግንቦት 1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ጳጳሱ እንዲሰደዱ ፈረዱ። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ከአገሩ ይነቀላል? በዚህ ጊዜ ግን አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለወጡት፤ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ተባለ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ሰባኪ ሆኖ አለመስበክ። መጽሐፉን ራሳቸው ተርጉመውታል፤ በአደባባይ ቆመው ሊገልጡት ግን አይፈቀድላቸውም። አሥር ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ፣ ዛሬ ነገ እሰደዳለሁ እያሉ ልጆችን ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው፤ በዚያው ዓመት ግን ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ከሥልጣን ወረዱ። ኦነሲሞስ እንደ ሆነ አላቋረጡም። ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ አረፉ፤ ዕለቱ እሑድ ነበር።

አሁን ወደ ወለጋው ወንድሜ ሙግት ልመለስ። እርሱ ያለው ብዙው እውነት ነው። ትምህርት ቤታቸው ወለጋ ነው፤ ፍሬያቸውም በብዛት ወለጋ ነው። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በምዕራብ ያላት ሥር የነቀምቴንና የቦጂን ሥራ ሳይጠቅሱ አይነገርም፤ ዛሬ በዓለም ካሉት ትልልቅ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። በስማቸው የተሰየመውም ሴሚናሪ የሚገኘው ወለጋ አይራ ነው። ከሁሩሙ እስከ ነቀምቴ ዴዴሳን ተሻግሮ በመኪና አንድ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሥራቸው የቀረው ግን በዚያኛው ማዶ ነው።

ታዲያ ኢሉባቦር ምን አላት? ስም የሰጠቻቸውና አፍ የፈቱባት እርስዋ ናት። ባሪያ ፈንጋዩ ሁሉን ሲወስድ ያልወሰደው ያን ብቻ ነው፤ እርሱም ጎዶሎ ሆኖ ነበር። የራስ ተሰማ ሥልጣን ከራስ ተሰማ ጋር አለፈ፤ የጎሬው መንግሥትም ጥቂት ወራት ነበር። የ1899ኙ መጽሐፍ ግን በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ቋንቋው ሊጻፍ፣ ሊነበብና ሊጸለይበት እንደሚችል አሳየ። ለዚያውም በኦሮምኛ መጻፍና ማስተማር በየጊዜው ሲታገድ በኖረበት ዘመን በየቤቱ ተደብቆ ሲነበብ ቆይቷል። እምነታችንን የማይጋራ የቋንቋ ሊቅ እንኳ የኦሮምኛን ጽሑፍ ታሪክ ሲጀምር ከዚህ ቤት ሳይደርስ አያልፍም። አንድ ተወላጅ ለታሪክ ምን ያህል ትልቅ ነበር ሲባል የእኔ ሚዛን ይህ ነው፤ ሌላ ሚዛን ያለው ያምጣ።

ይህን ጽሑፍ ለድረ ገጹ ከመላኬ በፊት ጥያቄውን ለጀመረው ተማሪ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ድምፁን ለአስቴር ጋኖ እንደሚሰጥ ነገረኝ፤ ወይዘሮ አስቴር ኦነሲሞስ ካረፉ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረው በ1964 እንዳረፉ፣ ከሰበሰቡትም ጽሑፍ ብዙው ሳይታተም እንደ ቀረ ጽፎ የመጣም እርሱው ነው። እርስዋ የሊሙ ናት እንጂ የኢሉባቦር አይደለችም ብዬ ተከራከርኩት። እርሱም ሳቀና፣ እርስዎም ኦነሲሞስን ከወለጋ እየወሰዱ አይደለም እንዴ አለኝ። የወለጋው ወንድሜ እስከ አሁን አልተረታም፤ በሚቀጥለው እሑድ ቡናው የእርሱ ቤት ነው።